ስለ ድረ ገጽ ቴምፕሌትና ስለ ትንንሽ ሱቆች

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል፥ ይልቁንም የኮምፒዩተር ትምህርት ከሚከታተሉት ውስጥ፥ «አንተ እኮ ተምረሃል፤ ለሱቄ ድረ ገጽ ሥራልኝ» ተብሎ ያልተጠየቀ ጥቂት ነው። ጠያቂው አጎት ወይም አክስት፥ አንዳንድ ጊዜም የሰፈር ነጋዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ድረ ገጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃችን እንጻፈው ወይስ ቴምፕሌት ወስደን እናስተካክለው የሚለው ነው።

ቴምፕሌት የምንለው አንድ ባለሙያ አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀመጠውን የድረ ገጽ ንድፍ ነው። የገጹ አከፋፈል፥ ቀለሙ፥ የፊደሉ ቅርጽና የሥዕሉ ቦታ ተወስኖ ይገኛል፤ ተቀባዩ የራሱን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያስገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው በዎርድፕሬስ ላይ የሚጫኑ፥ በነፃም በገንዘብም የሚገኙ፥ በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ ተመሠረተው እንደ ዊክስ ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ ንድፉንና ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር አንድ ላይ ያከራያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ስላልሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በቴምፕሌት መሥራት የሰነፍ ሥራ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን ይሰማል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያሉ የሚተርቱም አልጠፉም። እኛ ግን ነገሩ መታየት ያለበት ከሠሪው ክብር አንጻር ሳይሆን ከባለሱቁ ጥቅም አንጻር ነው እንላለን። ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ሱቁ ግን እዚያው ይቀራል። አንድ ተማሪ እርሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ የጻፈው ድረ ገጽ፥ ጸሐፊው ጎንደር ወይም ጅማ ሥራ አግኝቶ በሄደ ጊዜ፥ ዋጋ እንኳ የሚለውጥለት ሰው ያጣል። በታወቀ ቴምፕሌት የተሠራውን ግን ሌላ ሰው መጥቶ ካቆመበት ሊቀጥለው ይችላል። ለቴምፕሌት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘንም፤ ርካሽነቱ እንኳ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ቴምፕሌት ይሁን ካልን ዘንድ የትኛው ነው? ምሳሌ እንውሰድ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ በልክ የሚሰፋበት አንድ ትንሽ ሱቅ አለ እንበል። ባለሱቁ ቴምፕሌት ሲያማርጥ በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ለልብስ መደብር ተብሎ የተሠራው ነው። ከላይ ትልቅ ፎቶግራፍ፥ ከሥሩ በረድፍ የተደረደሩ ልብሶች፥ ከእያንዳንዱም አጠገብ «ትንሽ፥ መካከለኛ፥ ትልቅ» የሚል ምርጫና የመግዣ ቅርጫት አለው። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ቀሚስ በልክ የምታሰፋ ደንበኛ እንዴት ነው የምትገዛው? ጥበቡን ትመርጣለች፤ ልኳን ትሰጣለች፤ ለጥምቀት ወይም ለሠርጉ ይደርስ እንደ ሆነ ትጠይቃለች፤ በዋጋ ትከራከራለች፤ ከዚያም ቀብድ ትከፍላለች። ዋሽንግተን የምትኖር ብትሆንም ልኳን በስልክ ትልካለች እንጂ «መካከለኛ» የሚለውን ነክታ ነገሩን አትጨርስም። ስለዚህ ባለሱቁ ያንን የሚያምር ቴምፕሌት ቢወስድ ወይ ቅርጫቱ ባዶውን ይቀመጣል፥ ወይም ገና ያልተሰፋ ልብስ ዋጋው ተቆርጦ ይሸጥና መጨረሻው ጭቅጭቅ ይሆናል።

ለዚህ ሱቅ የሚበጀው ቀላል ነገር ነው። ፎቶግራፉ ጥርት ብሎ የሚታይበት፥ ከሥሩም ልብሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ከስንት ብር እንደሚጀምር የሚጻፍበት፥ ልክ እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ያለው፥ ስልኩና ቴሌግራሙ ሲነካ ወዲያው የሚከፈት ቴምፕሌት ይበቃዋል። እንዲህ ያለው በነፃ ሞልቷል። ቴምፕሌት ከመመልከት አስቀድሞ ደንበኛና ባለሱቅ የሚነጋገሩትን በወረቀት ላይ መጻፍ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። (ይህን ጽፎ ሲያበቃ የቴሌግራም ቻናሉ ብቻ እንደሚበቃው የሚረዳ ባለሱቅ ቢኖር፥ ገንዘቡን አትርፎለታልና ደስ ሊለን ይገባል።)

ከዚህ ቀጥሎ የአማርኛ ጉዳይ አለ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ አማርኛ የማያሳይ ስልክ እምብዛም አይገኝም። ችግሩ አብዛኛው ቴምፕሌት የተሠራው ለላቲን ፊደል መሆኑ ነው። በናሙናው ላይ ያማረው ፎንት የእኛን ፊደል በውስጡ ካልያዘ፥ ስልኩ ካለው ፎንት አንዱን ያመጣና ይተካበታል፤ መስመሩ ይጣበቃል፥ ያ ሁሉ ውበትም ይጠፋል። መድኃኒቱ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም እንደ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ያለ በነፃ የሚገኝ ፎንት ማስገባትና በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ነው። ደግሞም የላቲን ርእስ በትልልቅ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ጎልቶ ይታያል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይለይ ጉልህነቱን በመጠን ወይም በቀለም መፈለግ ግድ ነው።

ከፊደሉ የባሰው የሰዓቱ ነገር ነው። ባለሱቁ ከጥዋቱ 2 ሰዓት እከፍታለሁ ብሎ በሣጥኑ ውስጥ 2 ቁጥርን ቢሞላ፥ ቴምፕሌቱ ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይከፈታል ብሎ ለዓለም ያውጃል። የትእዛዝ መቀበያው ቅጽም እንዲሁ የመንገድ ቁጥርና የፖስታ መለያ ቁጥር ካልተሞላ አላሳልፍም ይላል፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፥ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ» እያለ አድራሻ የሚሰጥ የአዲስ አበባ ሰው ምን ይሙላበት? የገንዘቡም አከፋፈል በውጭ አገር የባንክ ካርድ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን በቴምፕሌቱ ላይ ማገናኘት የሚቻል መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት፥ ካልተቻለም የመክፈያውን ስልክ ቁጥር በግልጽ ጽፎ ማለፍ ይሻላል።

ስለ ክብደቱ ባጭሩ እንናገር። 20 ፎቶግራፍ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ሆኖ ቢጫን 80 ሜጋባይት ይሆናል፤ ደንበኛዋ በገዛችው ፓኬጅ ላይ ይህን ማስወጣት ግፍ ነው። እያንዳንዱን ወደ 150 ኪሎባይት ብናሳንሰው ግን ሁሉም በ3 ሜጋባይት ያልቃል፤ በስልክ ለሚመለከት ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ናሙናው ላይ የሚንቀሳቀሰውና የሚብለጨለጨው ነገርም በርካሽ ስልክ ሲሞከር የሚሆነውን ማየት ነው።

አሁን ስለ ኪራዩ ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በዊክስ የተሠራ ድረ ገጽ በዚያው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይኖራል እንጂ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም፤ ባለሱቁ ኪራዩን ሲተው ንድፉም እዚያው ይቀራል። በዎርድፕሬስ የተሠራው ግን ጽሑፉም ሥዕሉም ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወር ይችላል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዎርድፕሬስን ይመርጣል። ነገር ግን ዎርድፕሬስና በላዩ የሚጫኑት ተጨማሪዎች በየጊዜው መታደስ አለባቸው፤ ሳይታደሱ የከረሙት በቀላሉ ይሰበራሉ። እንግዲህ በሱቁ ውስጥ የሚያድስ ሰው ከሌለ ኪራዩ ይሻላል ባይ ነን። ይህ አስተያየታችን ብዙ ጓደኞቻችንን እንደማያስደስት እናውቃለን፤ ቢሆንም ማንም ሳያየው የተበላሸ ነፃነት ለሽሮ ሜዳው ሱቅ ምን ያደርግለታል? በገንዘብ የሚሸጠውን ቴምፕሌት ተሰብሮ በነፃ ከሚታደልበት ቦታ ማውረድን ግን ከቶ አንደግፍም፤ በውስጡ የተደበቀ ጎጂ ኮድ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቴምፕሌቱ የኪራይም ይሁን የነፃ፥ ሦስት ነገሮች በባለሱቁ እጅ መቅረት አለባቸው፤ እነርሱም የድረ ገጹ ስም፥ ጽሑፉና ዋናዎቹ ፎቶግራፎች ናቸው። በተለይ ስሙ በተማሪው ኢሜይል ሳይሆን በባለሱቁ ኢሜይል መመዝገብ አለበት። ስሙ በየጊዜው ክፍያው እየታደሰ የሚያዝ እንጂ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀር አይደለም፤ የማሳሰቢያው ደብዳቤ ተመርቆ ወደ ሄደ ተማሪ የሚላክ ከሆነ ክፍያው ያልፋል፥ ስሙንም ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። ደንበኛው የለመደውን ስም ማጣት ንድፍ ከማጣት ይከፋል፤ ንድፍ በሳምንት ይተካል።

ሥራው አልቆ ገንዘብ ከመቀበላችን በፊት ባለሱቁን ከአጠገባችን አስቀምጠን፥ በራሱ ስልክ አንድ ዋጋ እንዲለውጥና አንድ ፎቶግራፍ እንዲተካ እንጠይቀው፤ እኛ ምንም ሳንናገር እንመልከት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ካልተሳካለት ቴምፕሌቱን መለወጥ የእኛ ሥራ ነው።