ወተትና ሆዳችን

ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋውና የሚያስቀምጠው ጓደኛችን ሳይመረመር የአሜባ መድኃኒት ይውጣል፤ እኛም እንስቅበታለን። ነገሩ ግን ሁልጊዜ አሜባ አይደለም። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ ይህንንም የሚሰባብረው ላክቴዝ የተባለው የትንሹ አንጀት ኢንዛይም በብዙ ሰዎች ዘንድ ከሕፃንነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተሰባበረው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ የሆዱም ጩኸት ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይባልም። እናቶቻችን የኢንዛይሙን ስም ሳይሰሙ ብልሃቱን አግኝተውታል፤ ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያው ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚበላው እርጎ ለብዙዎቹ ይስማማል። በማኪያቶ ያለችው ጥቂት ወተትም አብዛኛውን ሰው አትጎዳም (ይህን ስናነብ እጅግ ደስ አለን!)። ጾሙ ተፈትቶ በፋሲካ ማግሥት የታመመም ዶሮውን ከመክሰሱ በፊት ወተቱን ያስታውስ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ግን የላክቶስ ሥራ ስላልሆነ ምርመራ ይፈልጋል።