ማዘጋጃ ቤት የሚከሰሰው እስከ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ከምዕራብ ጎጃም የጻፉ አንባቢ፣ ማታ ክዳን በሌለው የጎርፍ ቦይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። የከተማው አስተዳደር «እናጣራለን» እያለ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ጊዜው አልፎባቸው ይሆን?

መልስ፦ አላለፈም፤ ግን ጠቧል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ለዚህ ዓይነቱ የካሳ ክስ 2 ዓመት ብቻ ሰጥቷል፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከዚህ ከረዘመ፣ ረጅሙ ይሠራል።

ሰው የሚጎዳው በምልልስ ነው። አቤቱታ ማስገባትም፣ «ሰኞ ተመለሱ» መባልም ይርጋውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው (ቁጥር 1851)። «ጉዳይዎን እያየነው ነው» የሚል ደብዳቤ ደግሞ እምነት መሆኑ ያጠራጥራል።

ማን ይከሰስ? በቁጥር 2126 ጥፋተኛው ሠራተኛ ራሱ ይጠየቃል፤ በቅን ልቦና ለሥራው ብሎ ያጠፋው ከሆነ መሥሪያ ቤቱም አብሮ። በግል ቂም ሰው የደበደበ ደንብ አስከባሪ ግን ዕዳው የብቻው ነው።

ኒውዮርክ ከተማን ለመክሰስ በ90 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መስጠት ግድ ነው፤ የእኛው ሕግ ለጋስ ነው ማለት ይቻላል። ጠያቂው የሕክምና ማስረጃ፣ ደረሰኝና የቦዩን ፎቶ ይዘው በዚህ ሳምንት ክሱን ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ያስገቡ።