ርእሰ መምህር አስቀድሞ መምህር ነው



በቋንቋችን የትምህርት ቤት መሪ «ርእሰ መምህር» ይባላል። ቃሉን በጥሞና ብንመለከተው የመምህራን ራስ ማለት እንጂ የጽሕፈት ቤት አለቃ ማለት አይደለም። ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ ይህን ኃላፊነት የተሸከሙ ወንድሞችና እኅቶች ቀናቸው በሪፖርትና በስብሰባ እንደሚያልቅ እናውቃለን፤ አንወቅሳቸውም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ከጎጃም ምድር የበቀሉ አንድ መምህር ስላሉን ወደ እርሳቸው እንመልከት።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ገደማ በመርጡለ ማርያም አጠገብ በምትገኘው በዲቦ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን ቢያጡም ከመጻሕፍት አልራቁም። ከመነኮሱም በኋላ ስለ ምንኩስና ሕይወት ለመመርመር ገዳማትን ዞሩ፤ በጎንደርም አስተማሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ፤ በዚያ ጉዞ የልዑካኑን ቡድን ከመራው ከቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ተቀራረቡ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ሲገቡ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ስመ ጥር ሊቅ ሆነው ሳሉ እንደገና ተማሪ ለመሆን አላፈሩም። ከቅዱሱ ጋር ለሀገሩ ሕዝብ የሚስማማ ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ነገረ መለኮት መጽሐፍ ተረጐሙ፤ ለክህነት የሚዘጋጁ ወጣቶች የሚማሩበትንም ቤት አቋቋሙ። የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ባይኖር፣ ሌላ እስኪልክላቸው አልጠበቁም።

ቅዱስ ዩስጢኖስም ቢሆኑ በ1839 ከኢጣልያ ሲመጡ እንግዳ ነበሩ። የሀገሩን ቋንቋዎች ተማሩ፤ አኗኗራቸውንም እንደ ሀገሩ መነኮሳት አደረጉ። በአዊ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች በአውኚ ይማራሉ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ርእሰ መምህር ቢያንስ ከእናቶች ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥበትንና የልጃቸውን ጉዳይ የሚሰማበትን ያህል አውኚ ቢለምድ፣ ወላጆች ወደ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ለመግባት አይፈሩም።

በዚያው ዘመን የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም የሚጠቀስ ነገር አላቸው። መንገድ ሲሠራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ ይህ ለማንኛውም አለቃ ትምህርት ነው። ነገር ግን አባ ገብረ ሚካኤልን በሰንሰለት አስረው ከጦሩ ጋር ያንከራተቱት እርሳቸው ናቸው። ብፁዕነታቸውም እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። ከአንድ መሪ የምንወስደውን ወስደን የማንወስደውን መተው ይገባናል፤ ለጥፋት ሁሉ ቅጣትን የሚያስቀድም ርእሰ መምህር ትጋቱ ብቻውን አያጸድቀውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከገበታ የራቁት ልጆችም እጅግ ብዙ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ቅጥሩና ደወሉ ቢቀሩበትም መምህርነቱ አልተወሰደበትም። ሁኔታው በሚፈቅድበት ቦታ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ የትኛው ልጅ የት እንዳለ መመዝገብና መጻሕፍትን በየቤቱ ማዋስ ይችላል። የእኛም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማንበብ ያላወቀውን ልጅ ከቅዳሴ በኋላ ፊደል ቢያስቆጥሩት ከተልእኳቸው አልወጡም።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ትምህርት ያቋረጡ ልጆች እነማን ናቸው? ከመካከላችን በዚህ ሳምንት ወደ ቤታቸው የሚሄድ ማን ነው?