ዲለሩ «ፍሬንህ ያለ ጊዜው አልቋል» ሲልህ

ልጄ፣ ፒክአፕህ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን «የፍሬን ፓዱ ያለ ጊዜው አልቋል፤ ዋስትናውም አይሸፍነውም» ብለው የዋጋ ወረቀት እንደሰጡህ ሰማሁ። ልትፈርምላቸውም ነበር አሉ። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ አድጌ፣ እዚህ ቨርጂኒያ መጥቼም ከመኪና ሥር ሳልወጣ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከዲለሩ ጋር ተጣላ አልልህም። ነገር ግን «ያለ ጊዜው አለቀ» ያለህ ሰው ሁለት ነገር ሊያሳይህ ይገባል፤ ማለቁንና ያለቀበትን ምክንያት። ሁለቱን ሳታይ ብዕር አታንሳ። ልብህ ቀና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ችላ ማለትህንም አውቃለሁ። ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብበው።

1. መኪናው አደጋ ላይ ከሆነ ክርክሩን ለነገ አሳድር። ፍሬን ስትይዝ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማህ፣ ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ከሰመጠ፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተህ፣ መጀመሪያ መኪናው ይቁም፤ ካስፈለገም ተጎትቶ ይሂድ። ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ግን ሌላ ነው። ብዙ ፓዶች ላይ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ እሷ «ሳትዘገይ ቀጠሮ ያዝ» ነው የምትልህ። ገንዘብ ለማዳን ብለው ከፍሬን ጋር እልህ የተጋቡ ሰዎችን ብዙ አይቻለሁ። ፓዱን በጊዜው ያልቀየረ ዲስኩንም ጨምሮ ይቀይራል፤ ያውም በሰላም ከቆመለት ነው።

2. ቁጥር ሳትይዝ አትመለስ። «አልቋል»፣ «ቀይ ገብቷል»፣ «ብዙ አይቆይም» የሚሉት ልኬት አይደሉም። የፊት ፓድ አዲስ ሲሆን ሸራው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ጀርባው ላይ ያለው ብረት አይቆጠርም። 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ አብዛኛው ጋራዥ «ቀይር» ይላል። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ኢንስፔክሽን የሚጥልህ ደግሞ ከ2/32 ኢንች በታች ሲሆን ነው፤ ይህም 1.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 5 ሚሊሜትር የቀረውም፣ 1 የቀረውም በአንድ አፍ «አልቋል» ሊባል ይችላል። በምን እንደተለካም ጠይቅ። እዚህ አገር አንዱ በሚሊሜትር፣ ሌላው በኢንች 32ኛ ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ያለው «5» የሚሊሜትር ሳይሆን የ32ኛ ከሆነ፣ የቀረህ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

3. ስምንት ቁጥር ጠይቅ። አራቱም ጎማው ላይ ዲስክ ያለው መኪና በየጎማው ሁለት ፓድ አለው፤ አንዱ ከዲስኩ በውስጥ በኩል፣ አንዱ በውጭ። ወረቀቱ ላይ «ፊት 3፣ ኋላ 6» ብቻ ከተጻፈልህ ግማሹ ነገር ተሸፍኖ ቀርቷል። የግራውና የቀኙ፣ የውስጡና የውጩ ተቀራርበው ከሳሱ፣ የበላቸው ሥራ ነው። የግራ ፊቱ አልቆ የቀኝ ፊቱ ገና ግማሽ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጎማ ላይ የውስጡ ብረቱ ድረስ ተበልቶ የውጩ ብዙ ከቀረው ግን «አነዳድህ ነው» ቢሉህ አትቀበል። የሰው እግር አንዱን ጎማ ለይቶ አይረግጥም። ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨቁነው ካሊፐር ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ የጎማ ሽፋናቸው ሲቀደድ ውሃ ይገባል፣ በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ይጨመርበታል፣ ግሪሱ ይደርቅና ፒኑ ይነክሳል። ያኔ እግርህን ከፔዳሉ አንስተህም ፓዱ ዲስኩን አይለቅም። ፓዱን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ አልመለስ ሲልም እንደዚሁ ነው። ይህን አንተም ልትጠረጥረው ትችላለህ። ረዘም ያለ መንገድ ነድተህ ስትቆም፣ ሳትነካ መዳፍህን ወደየጎማው አስጠጋ፤ የነከሰው ጎማ ሙቀቱ ከሌሎቹ ተለይቶ ይመታሃል፤ ቸርኬው ላይ ያለው ጥቁር ብናኝም ይበዛል። የወጣው ፓድ በአንድ ጫፉ ስሶ በሌላው ወፍሮ ከተገኘም፣ አቀማመጡ ወይም ካሊፐሩ እንጂ እግርህ አይደለም ጥፋተኛው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ የኋላው ከፊቱ ቀድሞ ማለቁ ብቻውን ጉድ አይደለም። በእኛ ጊዜ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል፣ የፊቱ ነበር የሚቀድመው። በዛሬዎቹ መኪኖች ግን ኮምፒውተሩ መኪናውን ለማረጋጋት የኋላውን ፍሬን ደጋግሞ ስለሚያሠራው፣ የኋላው ቀድሞ ሲያልቅ ማየት የተለመደ ሆኗል።

4. የድሮ ወረቀትህን አውጣ። ዘይት ባስቀየርክ ቁጥር አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሳጥን ያለው ወረቀት ይሰጡሃል፤ አንተ ግን ከቡናው ኩባያ ጋር ትጥለዋለህ። ያ ወረቀት ምስክርህ ነው። እንበልና ሲጀመር 11 ሚሊሜትር ነበር፤ በ10,000 ማይል «9» ጻፉልህ፤ አሁን በ15,000 «3» ይሉሃል። በመጀመሪያው 10,000 ማይል 2 ሚሊሜትር ብቻ የተበላ ፓድ፣ በሚቀጥለው 5,000 እንዴት 6 ይበላል? ወይ ከሁለቱ ልኬቶች አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ በመሃል የነከሰ ነገር አለ፣ ወይ የመኪናው ሥራ ተለውጧል። የትኛው እንደሆነ እንዲነግሩህ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ጠይቃቸው። ወረቀቱ ጠፍቶብህ ከሆነ እነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚኖር አትመው እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ ለደንበኛ ይሰጣሉ።

5. ምክንያቱን ሳይነግሩህ ስለ ክፍያ አታውራ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ፓድ በሥራ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አምራቾች ወይ ጨርሶ አይሸፍኑትም፣ ወይ እንደ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ላለ አጭር ጊዜ ብቻ ይሸፍኑታል። ካሊፐሩና የፍሬን ቱቦው ግን ባብዛኛው በዋናው ዋስትና ውስጥ ነው የሚገቡት፤ እሱም ብዙ ጊዜ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። «ፓዱ አለቀ» ብቻ ካሉህ ከፋዩ አንተ ነህ። «ካሊፐሩ ነክሶ ፓዱን ጨረሰው» ከተባለ ግን የምትከራከርበት አለህ፤ የበላው ዕቃ የእነሱ ከሆነ የተበላውን ለምን አንተ ትከፍላለህ? ከመሄድህ በፊት የዋስትናውን መጽሐፍ ከመኪናህ መሳቢያ አውጥተህ የፍሬኑን ክፍል አንብብ፤ አንድ ገጽ ቢሆን ነው። «ዘይት ሌላ ቦታ ስላስቀየርክ ዋስትናህ ወድቋል» ቢሉህም አትደንግጥ። እዚህ አገር በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር ይከለክላል፤ ሰርቪሱን በነፃ ካልሰጡህ በቀር እነሱ ዘንድ ብቻ እንድትሠራ ሊያስገድዱህ አይችሉም። ደግሞም የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ የሚሉት፣ ድረ ገጹ ላይ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የመኪናህን መለያ ቁጥር፣ ቪን የሚሉትን፣ ስታስገባ ሪኮል፣ ማለትም ለጉድለት የወጣ የጥገና ጥሪ፣ ካለ ይነግርሃል። አምራቹ ስለ አንድ ተደጋጋሚ ችግር ለዲለሮች የሚጽፈውን የቴክኒክ ማስታወቂያም በሞዴልና በዓመት እዚያው ታገኛለህ። ያንተ ሞዴል ላይ የፍሬን ማስታወቂያ ካለ አትመህ ይዘህ ሂድ።

6. ራስህንም ሳትሸሽግ መርምር። ትሬይለር ጎትተሃል? ሲሚንቶ ወይም የሰው ዕቃ ጭነህ ከርመሃል? «ምንም አልጎተትኩም» ብለህ እንዳትዋሽ፤ ትሬይለሩ የሚያያዝበት ኳስ ላይ ያለው ጭረት ያጋልጥሃል፤ አንዴ ከዋሸህ ደግሞ እውነቱንም ስትናገር የሚያምንህ አታገኝም። የትሬይለሩ ፍሬን የማይሠራ ከሆነ ሁለቱንም የሚያቆመው ያንተ ፓድ ነው። ግራ እግራቸውን ፍሬን ላይ አሳርፈው የሚነዱም አሉ፤ መብራቱ እየበራ፣ ፓዱ እየተላጠ ይሄዳሉ። ቁልቁለት ላይ ያለህንም ልማድ እይ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርዱ የጭነት ሾፌሮች ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ እንዲይዝላቸው ያደርጋሉ፤ ፍሬኑን ለሚያስፈልግበት ቦታ ያቆዩታል። ያንተም ፒክአፕ አውቶማቲክ ቢሆንም ይህ አለው። «ቶው ሆል» የምትለዋን ቁልፍ ጭነት ሲኖርህ ስትጫናት ማርሹ ራሱ ይቀንስልሃል። በአይ-64 ከአፍተን ተራራ ስትወርድ ሞክራት።

7. በዓይንህ ሳታይ፣ በጽሑፍ ሳትይዝ አትፍቀድ። ወደ መሥሪያው ክፍል ለኢንሹራንስ ሲሉ ላያስገቡህ ይችላሉ፤ እንግዲያው መካኒኩ መለኪያውን ፓዱ ላይ አድርጎ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ያንሳልህ፤ የውስጡም ፓድ ይታይ። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቀህ የምታየው የውጩን ብቻ ነው፤ በእሱ አትታለል። «ዲስኩም አብሮ ይቀየር» ካሉህ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረው ጠይቅ፤ አነስተኛው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛው ዲስክ ላይ ታትሟል። ከዚያ የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ፣ ስትጠይቅ ግምቱን ሊጽፉልህ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ሳያስፈቅዱህም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊያስከፍሉህ አይችሉም። የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ እንደምትፈልገውም ሥራው ሳይጀመር ተናገር፤ ከተጀመረ በኋላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቶ ነው የምታገኘው። በስልክ «እሺ፣ ሥሩት» ብለህ እንዳትጨርስ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

8. ሌላ ዓይን ጨምር። ለአንድ የታወቀ ገለልተኛ ጋራዥ ለምርመራው ከፍለህ አሳይ። ዲለሩ ያለህን ግን አትንገረው፤ «ፍሬኑን ለክተህ ስምንቱንም ቁጥር ጻፍልኝ» ብቻ በለው። አስቀድመህ ከነገርከው የሚለካው ፓዱን ሳይሆን ያንተን ፍርሃት ይሆናል።

9. ስትከራከር አክብረህ ተከራከር። ከፊትህ የሚቆመው ሰርቪስ አድቫይዘር፣ ብዙ ቦታ ደመወዙ ከሚያሸጠው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ሌባ አያደርገውም፣ ግን ቃሉን እንድትመዝን ያስገድድሃል። መካኒኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ በትሕትና «እስኪ እሱን ላነጋግረው» በል። የጮኸ ደንበኛ ቶሎ ይሸኛል፤ ቁጥርና ወረቀት ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቅ ግን መልስ ሳያገኝ አይነሳም፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አድቫይዘሩ እንቢ ካለህ የሰርቪስ ማናጀሩን፣ እሱም እንቢ ካለ የአምራቹን የደንበኞች ስልክ። ደውለህ የጉዳይ ቁጥር ተቀበል፤ ያነጋገርከውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፍ። ዋስትናው ያላለቀ መኪና ላይ አምራቹ ሙሉውን ባይከፍል ከፊሉን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። ሥራው አስቸኳይ ሆኖ ከፍለህ ካሠራህም ነገሩ አልተዘጋም። ደረሰኙን ያዝ፣ የወጡትን ፓዶች «ግራ ፊት ውስጥ»፣ «ግራ ፊት ውጭ» እያልክ ጽፈህባቸው በላስቲክ አስቀምጥ፣ ገንዘቡ እንዲመለስልህም በዚያው የጉዳይ ቁጥር ጻፍላቸው።