ሰውን ከሰውነት ማውረድ፦ በልቦለድና በእኛ አገር

የአምባገነን ሥርዓትን ባሕርይ አንዳንድ ጊዜ ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ልቦለዶች አጉልተው ያሳያሉ። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» በተሰኘው ድርሰቱ የፈጠራቸው ሰዎች ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ በ1949 ባሳተመው «1984» ደግሞ መንግሥት ያጠፋው ሰው ሞተ አይባልም፤ ስሙ ከመዝገብ ተፍቆ ጭራሽ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሰው ሰውን ለመግደል ኅሊናው ይከብደዋል። ስለዚህ ገዥው በቅድሚያ ሟቹን ከሰው ተራ ያወጣዋል።

ውድ አንባቢያን! ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ወጣቱ ከመገደሉ በፊት «አናርኪስት»፣ «ፀረ ሕዝብ» የሚል ስም ይለጠፍበት ነበር። ግድያውም ግድያ አልተባለም፤ «አብዮታዊ እርምጃ» ተባለ። አስከሬን መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ዳር ተጣለ። ብዙ እናቶች ለልጃቸው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ጀናዛን አጥቦና ከፍኖ መስገድ ለሙስሊሙ፣ ፍትሐት ለክርስቲያኑ የማይታሰብ የሆነበት ጊዜ ነበር። ክልከላው ተራ ጭካኔ አልነበረም። የሚለቀሰው ለሰው ነውና፣ ለቅሶን መፍቀድ ሟቹ ሰው እንደነበር ማመን ይሆን ነበር። ዕዳው የደርግ ብቻ አይደለም፤ ኢሕአፓም ባላንጣውን «ባንዳ» እያለ ተኩሷል።

የደራሲ በዓሉ ግርማ ዕጣም ከዚሁ ጋር የሚነሣ ነው። የኦርዌል ባለታሪክ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በዓሉም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። በ1975 ዓ.ም ያሳተመው «ኦሮማይ» ታገደ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በፈረንጆች አቆጣጠር ዓመቱ ራሱ 1984 ነበር! መቃብሩ የት እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም ፍርድ ቤት የደርግን መሪዎች በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። ፍርዱ ግን ሰዎቹን እንጂ ዘዴውን አልቀበረም። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ በ1994 ከጭፍጨፋው በፊት ሬዲዮው ቱትሲዎችን «በረሮ» ይል ነበር። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም «የቀን ጅብ» የሚለው ስያሜ ከፖለቲካ መድረክ ወደ ሠፈር ሲወርድ ሁላችንም ሰምተናል። ልብ እንበል፦ ጅብ ይታደናል እንጂ ለፍርድ አይቀርብም። በዳይ ካለ በስሙና በሥራው ይከሰስ።

እንግዲህ ጥንቃቄው ከራሳችን ምላስ ይጀምር። ጎረቤታችንን በአውሬ ስም ሲጠሩት ሰምተን ከሳቅን፣ ነገ በሩ ሲሰበር ለመጮኽ አፍ አይኖረንም።