ስለ አየር አሠራርና ስለ ንጽሕናው የተሰጠ ትምህርት

 

ነጋዴ ሚዛኑን ሳያነሣ፣ እናትም ልጅዋን ሳታጠባ በፊት፣ ሁሉም ዋጋ ሳይከፍል የሚቀበለው ሲሳይ አየር ነው። በዐረብኛ «ሀዋእ» ይባላል፤ የመጨረሻው ሀምዛ ሲጎድልና «ሀዋ» ሲባል ግን የነፍስ ዝንባሌ ማለት ይሆናልና፣ አንባቢ ሁለቱን እንዳያቀላቅል።

አየር ባዶ ነገር አይደለም። ደረቅ አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጂን፣ 21 እጅ ኦክሲጂን ነው፤ ከቀረው አብዛኛው አርጎን ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጅ 4 ያህል ብቻ ነው። ክብደትም አለው። የይፋግና የወረታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በቀይ ባሕር ዳር ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ነው።

ይህ አየር የምድጃውን ጢስና የመንገዱን አቧራ በየቀኑ ይቀበላል። ታዲያ ሳይበላሽ እንዴት ኖረ? ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው አየሩ ቀልሎ ጢሱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም በቦታው ይተካል። ሌሊት ግን መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል፤ የማለዳ ጢስ በፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ የሚታየው ስለዚህ ነው። ዝናብም አጣቢ ነው። የውኃ እንፋሎት የሚቋጠረው በአቧራ፣ በጢስ ወይም በባሕር ጨው ቅንጣት ላይ ነውና፣ ጠብታው ሲወርድ ያን ቅንጣት ይዞ ይወርዳል፤ በመንገዱ ያገኘውንም ያጥባል። ርብና ጉማራ ሞልተው ክረምቱ ሲያልፍ፣ በመስከረም የጉና ተራራ ጥርት ብሎ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዓይን የማይታየው ነው። የፀሐይ ጨረር ኦዞንን ሲሰብረው ከውኃ እንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮክሲል የሚባል ነገር ይወለዳል። ዕድሜው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሚቴንን የሚያፈርሰው እርሱ ነው። ሊቃውንት ይህን የተረዱት በ1971 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሚቴን ለፎገራ ሰው ሩቅ ነገር አይደለም፤ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ጭቃው ኦክሲጂን ስለሚያጣ፣ በውስጡ ያሉ ደቂቅ ሕያዋን ሚቴን ያወጣሉና። ይህም በአየር ውስጥ 10 ዓመት ያህል ይቆያል። ውኃውን በየጊዜው ማንጣፈፍ ይቀንሰዋል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ አሠራር በጣሪያ ሥር አይደርስም። ወደ ማድ ቤት ዝናብ አይገባም፤ ሃይድሮክሲልን የሚወልድ ጨረርም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ነጋዴው በሱቁ በር ንጹሕ ነፋስ ሲቀበል፣ ሚስቱ ሕፃን አዝላ በኩበት ጢስ ዓይኗ ይቀላል።

የቀደሙት ይህን አልዘነጉትም። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግብፅ ሐኪም ዐሊይ ኢብን ሪድዋን፣ የፉስጣጥ ጠባብ መንገዶችና የሐማም ምድጃ ጢስ የከተማውን አየር እንዳበላሹት ጽፏል። የማሊክ መዝሀብ ፉቀሃኦችም የመጋገሪያ ወይም የሐማም ጢስ ጎረቤትን ከጎዳ ባለቤቱ ይከለከላል ብለዋል። ጎረቤት እንዲህ ከተጠበቀ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉት እንዴት ይረሳሉ? እንግዲህ አባወራ ከገበያ ትርፉ ለማድ ቤቱ የጢስ መውጫ ያሠራ፤ መውጫውም ከጣሪያው በላይ ይለፍ። እንጨቱና ኩበቱ አስቀድሞ ይድረቅ፤ እርጥቡ ጢስ ያበዛልና። እሳት ሲነድ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው።