«ኢል ኤ» ወይስ «ኢል አ»፦ የፈረንሳይኛ ኃላፊ ጊዜ ከሸማ ተራ ሲታይ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን መርካቶ ሸማ ተራ ያለው የአክስቴ ሱቅ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እንደ ልማዴ ላግዛት ገባሁ። አንዲት ከጅቡቲ የመጡ ነጋዴ ነጠላና ቀሚስ በብዛት አዘው ቀብድ ሰጥተው ነበር። ቀሪውን ሒሳብ ወንድማቸው በማግስቱ መጥቶ ከፈለ። ሴትዮዋ ዕቃውን ሊረከቡ ሲመጡ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። (ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ማታ ማታ ትንሽ ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ፤ አክስቴ ደግሞ ይህንን ለተራው ሁሉ አውርታዋለች።) ወንድማቸው ከፍሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም በልበ ሙሉነት «ዊ ማዳም፣ ኢል ኤ ፔዬ» አልኩ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ለካስ «ተከፍሎታል» ብያቸዋለሁ! ወንድማቸው ከጀርባቸው ከአክስቴ ኮሚሽን የተቀበለ መሰላቸው። ማለት የነበረብኝ «ኢል አ ፔዬ» ነበር። እሳቸው ሲጠይቁ «አ» ማለታቸውን እንኳ ልብ አላልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይኛ በዕለት ተዕለት ንግግር ያለፈን ድርጊት የሚናገረው በሁለት ቃል ነው፤ አንድ ረዳት ግስና አንድ የዋናው ግስ ቅርጽ። ቅርጹ ብዙ አያስቸግርም። ከ«ፔዬ» (መክፈል) «ፔዬ»፣ ከ«ፊኒር» (መጨረስ) «ፊኒ»፣ ከ«ቫንድር» (መሸጥ) «ቫንዱ» ይወጣል፤ ከሕግ ውጭ የሆኑትን መሸምደድ ነው። ራስ ምታቱ ረዳቱ ላይ ነው። ረዳቶቹ ሁለት ናቸው፦ «አቯር» (መኖር፣ ገንዘብ አለኝ እንደምንለው) እና «ኤትር» (መሆን)። አብዛኛው ግስ የሚሄደው ከ«አቯር» ጋር ነው። ከ«ኤትር» ጋር የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፦ ሄደ፣ መጣ፣ ደረሰ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ቀረ፣ ወደቀ፣ ተወለደ፣ ሞተ እና መሰሎቻቸው፤ እንደ «ታጠበ» ያሉ ድርጊቱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስባቸውም ይጨመራሉ። «የእንቅስቃሴ ግሶች ናቸው» ብሎ መያዝ አያዋጣም። መሮጥ እንቅስቃሴ አይደለም እንዴ? ግን «ኢል አ ኩሩ» ነው የሚባለው፣ በ«አቯር»።

ከ«ኤትር» ጋር ሲሆን ቅርጹ በጾታና በቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ በጽሑፍ እንጂ በጆሮ አይለይም፤ «ኢል ኤ ሞር» (ሞተ) እና «ኤል ኤ ሞርት» (ሞተች) ግን ይሰማል።

የሚጥመኝ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ከመኪና ላይ ጆንያ የሚያወርድ ተሸካሚ ገምቱ። ራሱ ከመኪናው ሲወርድ «ኢል ኤ ዴሳንዱ» ይባላል። ጆንያውን ሲያወርድስ? «ኢል አ ዴሳንዱ ለ ሳክ»። ግሱ ያው ነው፤ የተለወጠው ረዳቱ ብቻ ነው። እኛ ይህንኑ የምንሠራው በአንዲት «አ» ነው፤ ወረደ፣ አወረደ፤ ወጣ፣ አወጣ። («ገባ» ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ነው፤ «አገባ» ካልን ሠርግ ነው፣ ዕቃ ከሆነ «አስገባ»።) ይህን ሳስተውል ለወራት የሸመደድኩት ዝርዝር ትርጉም ሰጠኝ።

ታዲያ እኔ ለምን ተሳሳትኩ? ጥፋቱን ግማሹን በአማርኛ ላሳብብ። «ከፍሏል» ስንል «ከፍሎ» እና «አለ» ተጋጥመው ነው፤ «ከፍያለሁ» ደግሞ «ከፍዬ» እና «አለሁ»። እዚህ ላይ «አለሁ» የሚለው መገኘትን እንጂ ገንዘብ ማድረግን አይደለም፣ «አለኝ» አላልንምና። አማርኛ ለሄደውም ለከፈለውም ይህንኑ አንድ ረዳት ይጠቀማል። በጆሯችን ስላልተለያየ ነው እንጂ ዜና ስንጽፍ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ የምንዘጋበት «ገልጸዋል» ውስጥም እሱው ተደብቋል። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪ ፈረንሳይኛ ላይ እጁ ወደ «ኤትር» ቢሄድ ምን ይገርማል? አደጋው እንደ «መክፈል» ባለ ግስ ላይ «ኤትር» ሲገባ ዓረፍተ ነገሩን ተደራጊ ማድረጉ ነው። እኛ «ተ» ጨምረን «ተከፈለ» የምንለውን እነሱ ረዳት ቀይረው ይሉታል።

እንግሊዝኛና ስፓኝኛ ለዚህ ቅርጽ ዛሬ «አለው» ከሚለው የመጣውን አንዱን ረዳት ብቻ ይዘዋል። ጣሊያንኛ ግን እንደ ፈረንሳይኛ ሁለቱንም ይጠቀማል፤ ደረሰ «ኤ አሪቫቶ»፣ ከፈለ «አ ፓጋቶ»። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ መምጣቱን ሳስብ በ«ኤ» እና በ«አ» የተምታታ የመጀመሪያው ሰው እኔ አልመስልህ አለኝ።

ድርጊቱ ከሌላ ያለፈ ድርጊት የቀደመ ሲሆን ፈረንሳይኛ ረዳቱን ራሱን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ «ኢል አቬ ፔዬ»፣ «ኢል ኤቴ ቬኑ»። እኛ «ከፍሎ ነበር»፣ «መጥቶ ነበር» እንላለን። የእኛው «ነበር» ግን ተንኮል አለበት። «ከፍሎ ነበር» ሲባል የመርካቶ ሰው «ከዚያስ?» ይላል፤ ገንዘቡ ተመልሷል ወይም ነገሩ ፈርሷል ብሎ ይጠብቃል። ለዜና ጸሐፊም «ተስማምተዋል» እና «ተስማምተው ነበር» አንድ ዜና አይደሉም።

ሴትዮዋ ነጠላውን ወደ መደርደሪያው መልሰው ስልካቸውን ሲያወጡ አክስቴ «ምን አልካቸው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። «ከፍሏል ልላቸው ፈልጌ ነበር» አልኳት። «የአንተ ነበር ምን ያደርግልኛል!» ብላ የደረሰኙን ጥራዝ ከመሳቢያ አወጣች። የወንድማቸው ፊርማ ያለበትን ቅጠል ገልጣ አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው «ኢል አ ፔዬ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዕቃው የታሰረው።